ጎርፍ ቆጣሪ የለውም

ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ኮልፌ ላይ ዝናቡ ሲለቀው ቆም ብላችሁ ተመልከቱ። ውሃው ቡናማ ነው፤ ይቸኩላል። ባዶ ሃይላንድና ፌስታል እየገፋ ይመጣና ቱቦው አፍ ላይ ሲደርስ ይታነቃል፤ ከዚያ ቱቦውን ትቶ አስፋልቱን ይይዛል። ሚኒባሱ ይቆማል፣ ባለሱቁ ደጁ ላይ አፈር የሞላ ጆንያ ይደረድራል፣ ወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ውስጥ ደግሞ ፍራሹ ከፍ ወዳለ ቦታ ይወጣል።

አሁን እስቲ አንድ የሞኝ የሚመስል ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ውሃ የማን ነው?

በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ባለቤቱ ይታወቃል። አጥሩ ሥር ቆጣሪ አለ፣ ቆጣሪውን የሚያነብ ሰው አለ፣ ቢል አለ፣ ካልከፈላችሁ መጥቶ የሚቆርጥም አለ። ከሰማይ ወርዶ በደጃችሁ የሚያልፈው ውሃ ግን ቆጣሪ የለውም። ማንም አይሸጠውም፣ ማንም አይገዛውም። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን በአገራችን ለጎርፍ መከላከያ የሚሆን ገንዘብ ለምን ዘግይቶ እንደሚመጣ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወጨጫ እስከ አፋር

ኮልፌ ቀራንዮ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ክፍለ ከተማ ነው። በምዕራብ በኩል የወጨጫ ተራራ አለ፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በሰሜን ደግሞ የእንጦጦ ሰንሰለት አለ። ከዚህ አካባቢ የሚወርደው ውሃ ትንሹ አቃቂ ውስጥ ይገባል። ወንዙ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከገፈርሳና ከቡራዩ በኩል ይነሣል፤ አዲስ አበባን አቋርጦ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። ከዚያ አዋሽ ይቀበለዋል። አዋሽም በቆቃ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ አልፎ በድምሩ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር አይደርስም።

እንግዲህ ኮልፌ ላይ ቆርቆሮ የመታች ጠብታ፣ በመንገድ ካልተነነች ወይ መሬት ውስጥ ካልሰረገች፣ አፋር ልትደርስ ትችላለች። ይሄ ደግሞ የሕግ ጉዳይም ነው። ወንዙ ከኦሮሚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ይገባል፣ ተመልሶ ኦሮሚያ ይገባል፣ በመጨረሻ አፋር ይሄዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11 ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ወሰን የሚሻገሩ ወንዞችንና ሐይቆችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቷል። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የአገሪቱን የውሃ ሀብት በሙሉ የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ሀብት አድርጎታል። በወረቀት ደረጃ ጥያቄያችን ተመለሰ ማለት ነው፤ ውሃው የሁላችንም ነው፣ ጠባቂው መንግሥት ነው።

ጠባቂው ግን ለጥበቃው ገንዘብ ከየት ያመጣል?

የሚሸጥ ነገር ያለው ውሃ

ውሃን በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥታቸው ያስገቡት ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ መስመሩን ከእንጦጦ የዘረጋላቸው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ምንጭና ጉድጓድ አልበቃ አለ። በ1930ዎቹ ገፈርሳ ላይ ግድብ ተሠራ፣ በኋላም ተስፋፋ። የአምቦን መንገድ ይዛችሁ ስትወጡ ከቡራዩ አለፍ ብሎ የምታዩት ሐይቅ እሱ ነው። በዚሁ የወንዝ ሥርዓት ታችኛው ጫፍ ላይ ደግሞ አባ ሳሙኤል አለ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተጀምሮ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ያለቀ፣ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ግድብ ነበር። በደለልና በእርጅና ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ጀምሯል።

ልብ አላችሁ? የወንዙ ራስጌ ላይ ግድብ፣ ግርጌው ላይም ግድብ። ራስጌው የመጠጥ ውሃ ይሸጣል፣ ግርጌው መብራት ይሸጣል። መሐሉ ላይ ያለው ኮልፌ የሚሸጠው የለውም። የሚያልፍበት ብቻ ነው።

ይሄው ነገር በትልቅ መጠን የታየው ቆቃ ላይ ነው፣ እዚያ ትንሽ እንቆይ። ጣሊያን በጦርነቱ ከተሸነፈች በኋላ በ1939 ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ተወሰነባት። የቆቃ ግድብ ከዚህ የካሳ ገንዘብ ተሠርቶ በ1952 ተመረቀ። አስቡት፤ በመርዝ ጋዝና በቦምብ ለደረሰ ጥፋት የተከፈለ ካሳ አዋሽን የሚይዝ ግድብ ሆነ። እንግዲህ የአዋሽን ሙላት መግራት ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቁ የተከፈለው ከመደበኛ በጀት ሳይሆን ከወራሪ በተገኘ ካሳ ነው። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ቆቃ ሲሠራ ብዙ ሥራ ተሰጥቶታል። 43 ሜጋ ዋት ያህል መብራት ያመነጫል፣ በበጋ ለታች እርሻዎች ውሃ ይለቃል፣ በክረምት ደግሞ ሙላቱን ይቆርጣል። ችግሩ እነዚህ ሥራዎች እርስ በርስ መጣላታቸው ነው። መብራት የሚያመነጭ ሰው ግድቡ ሁልጊዜ ሙሉ ቢሆን ይመርጣል፤ ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራልና። ጎርፍ የሚከላከል ሰው ደግሞ ክረምቱ ሲገባ ግድቡ ጎድሎ ቢጠብቅ ይመርጣል፤ ሙላቱ ሲመጣ የሚያሳርፍበት ባዶ ቦታ ይፈልጋልና። አንድ ባልዲ በአንድ ጊዜ ሙሉም ባዶም መሆን አይችልም። ታዲያ ክርክሩ ሲነሣ ማን ያሸንፋል? መብራት ቢል አለው። ባዶ ቦታ ቢል የለውም። በዚያ ላይ ከላይ የሚመጣው ደለል፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች አፈር ጭምር፣ ከ1.6 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዝ የነበረውን ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሞላው ሄደ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግድቡ ጢም ሲል በሮቹ ይከፈታሉ፤ ውሃውም ወደ ወንጂና ወደ ታች ይወርዳል።

ቆቃ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1954፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ኢትዮጵያ ውስጥ አንድን ወንዝ ከላይ እስከ ታች እንዲቆጣጠር የተፈጠረ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ነው። (የሚገርመው፣ በዚያው በ1954 ክረምት ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና ይወስድ ነበር። የኮልፌ ልጆች ይሄን ታውቁታላችሁ፤ የወንዙን ግን የሚነግራችሁ የለም ብዬ ነው።) ባለሥልጣኑ ውሃ ያከፋፍላል፣ መሬት ያጠናል፣ የእርሻ ፈቃድ ይሰጣል። ያኔ የሸለቆው ትልልቅ ስሞች የስኳርና የጥጥ ኩባንያዎች ነበሩ፦ ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ.፣ ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ። ስኳርና ጥጥ ይሸጣሉ፤ ስለዚህ የሚሸጡትን ከውሃ ለመከላከል ምክንያትም ገንዘብም አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ታሪኩ ይጣመማል። ጎርፍ ለሁሉም ጠላት አልነበረም። ለአፋርና ለከረዩ አርብቶ አደሮች የአዋሽ ሙላት በዓመት አንዴ የሚመጣ በረከት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ያጠጣል፤ ውሃው ሲሸሽ ሣር ይበቅላል፤ ሌላው አገር ሲደርቅ ከብቱ የሚያመልጠው ወደዚያ ሣር ነው። ሙላቱ ሲገደብና ያ ሜዳ የሸንኮራና የጥጥ እርሻ ሲሆን ማምለጫው ጠፋ። በ1965 እና በ1966 ድርቁ ሲመጣ አፋሮች ክፉኛ የተጎዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ እንደነበር አጥኚዎች ጽፈዋል። «የጎርፍ መቆጣጠር» የሚለውን ቃል ስትሰሙ እንግዲህ «ከማን ላይ? ለማን?» ብላችሁ ጠይቁ።

የድርቅ አገር

ያ ድርቅ ሌላም ነገር ወለደ። በ1966 የእርዳታና ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ዛሬ አደጋን የሚመለከቱ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የዘር ሐረጋቸው ከዚያ ይመዘዛል። የተፈጠረው ግን ለረሃብ ነው። እህል ማጓጓዝን፣ ዝናብ የቀረበትን ወረዳ መቁጠርን ያውቅበታል። የውሃ መሥሪያ ቤቶቹ ደግሞ ለመስኖ፣ ለመብራትና ለመጠጥ ውሃ ነው የተፈጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1971 ብሔራዊ የውሃ ሀብት ኮሚሽን፣ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ በ1987 የውሃ ሀብት ሚኒስቴር ተቋቋሙ። አንዱ የውሃ ማጣት መሥሪያ ቤት፣ ሌላው የውሃ መሸጥ መሥሪያ ቤት። ውሃ የበዛበት ሰው የማንን በር ያንኳኳ?

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ድሬዳዋ ይሄን ጥያቄ በከባድ ዋጋ ጠየቀች። ዝናቡ በብዛት የጣለው ከተማዋ ላይ አልነበረም፤ ከበላይዋ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች ላይ ነው። በበጋ ደረቅ አሸዋ የሆነው፣ ሰው የሚሻገረውና ገበያ የሚቆምበት ደቻቱ፣ ሌሊት ሰው ተኝቶ እያለ ግድግዳ አክሎ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሳምንት ያህል ቆይቶ በደቡብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ደቻቱ ከዚያ በፊትም ከአንዴ በላይ ሰው ወስዷል። ግን ዳርና ዳሩ ላይ ጠንከር ያለ የመከላከያ ግንብ የተሠራው ከ1998 በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የድሬዳዋን ካርታ ከኮልፌ ጋር አስተያዩት። ዝናቡ የሚወርደው ኦሮሚያ ውስጥ፣ ውሃው የሚመጣው ከተማ አስተዳደር ውስጥ። ላይ ያለው ዛፍ የሚቆረጠው በአንዱ አስተዳደር፣ ታች ያለው ቤት የሚፈርሰው በሌላው።

መንግሥት ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ1999 የወጣው አዋጅ ቁጥር 534 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት እንዲቋቋሙ ደነገገ፤ ሐሳቡ ወንዝ የክልል ወሰን ስለማያውቅ ተቆጣጣሪውም በወንዙ ልክ ይሁን የሚል ነው። የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን በዚህ መንገድ ዳግም ተወለደ። በ2011 ሁሉም በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ሆኑ፣ በ2014 ደግሞ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። አንድ ወንዝ በሰው ዕድሜ ውስጥ ይሄን ሁሉ አሳዳሪ ሲቀያይር ማስታወሻ ደብተሩ የት እንደሚቀር እግዜር ይወቅ።

ገንዘቡስ? በ1994 የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ በአዋጅ ቁጥር 268 ተቋቁሟል። አሠራሩ ብልህ ነው፤ ለመጠጥ ውሃ፣ ለፍሳሽና ለመስኖ ብድር ይሰጣል፣ ተበዳሪው ከተጠቃሚው ሰብስቦ ይመልሳል፣ የተመለሰው ለሌላ ከተማ ይበደራል። አንድ ከተማ ጉድጓድ ቢያስቆፍርበት ነዋሪው በየወሩ በሚከፍለው ቢል ዕዳው ይወርዳል። አሁን በዚህ ዓይነት ብድር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ለመሥራት ሞክሩ። ግንቡ ሥራውን በደንብ ከሠራ ምን ይሆናል? ምንም አይሆንም። ጎርፉ አይገባም፣ ሰዉ ተኝቶ ያድራል። ላልሆነ ነገር ደግሞ ቢል አይቆረጥም።

ኮልፌ ላይ ያለው ሒሳብ

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። አንድ መንገድ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። መሬት ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። ከመንገዱ ዳር ያለው የጎርፍ መውረጃ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው። ቱቦውን የሚደፍነው ቆሻሻ የጽዳት ነው። የወንዙ ዳርቻ የራሱ የወንዞችና የአረንጓዴ ልማት መሥሪያ ቤት ሲኖረው፣ ጎርፉ ከገባ በኋላ የሚደወለው ለእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ነው። ወንዙ ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ የፌዴራል ነው። እያንዳንዱ ሥራውን ቢሠራ እንኳ ያው ጠብታ ከጣሪያ እስከ ወንዝ አምስት ስድስት በጀት ታቋርጣለች ማለት ነው።

ሰፈሮቻችን ራሳቸው የገንዘብ ታሪክ ይናገራሉ። «ዓለም ባንክ» የሚባለው ሰፈር እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ አይደል? ስሙ የመጣው በባንኩ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች ነው ይባላል። ቤት የሚቆጠር፣ የሚታይ፣ ስም የሚወጣለት ነገር ነው። በጎርፍ መውረጃ ስም የተሰየመ ሰፈር ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ቤት ሲበዛ ግን ውሃው ይለወጣል። ይሄን በቀላል ሒሳብ እንየው። አንድ ሄክታር መሬት ላይ በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጣለ እንበል። 10,000 ካሬ ሜትር በ0.03 ሜትር ሲባዛ 300 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ የሺህ ሊትሩን ሮቶ 300 ጊዜ ይሞላል። መሬቱ ሣር ከሆነ ከዚህ ውስጥ 30 በመቶው ያህል ይፈሳል ብለን እንውሰድ፣ 90 ሮቶ። ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና አስፋልት ከሆነ ግን 90 በመቶው ይፈሳል፤ 270 ሮቶ። ያው ሰማይ፣ ያው ደመና፣ ሦስት እጥፍ ውሃ። ፍጥነቱም ይጨምራል፤ ሣር ውሃን ያዘገያል፣ አስፋልት ይሸኛል። የትናንቱ እርሻ የዛሬ ሰፈር ሲሆን ለትናንቱ ውሃ የተሠራ ቱቦ አይበቃም። ነሐሴ 11 ቀን 2013 አዲስ አበባ ውስጥ በጎርፍ ቢያንስ ሰባት ሰዎች ሲሞቱ ያየነው ይሄን ነው።

ሌሎች አገሮች ጎርፍን እንዴት ቆጠሩት? ሆላንዶች፣ እነዚያው ወንጂ ላይ ስኳር ያመረቱት ሰዎች፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የውሃ ምክር ቤቶች አሏቸው። የራሳቸው ምርጫ፣ የራሳቸው ግብር ያላቸው ናቸው፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ወይ ለመንገድ አይዞርም። እነሱም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሕሩ ከ1,800 በላይ ሰው እስኪገድልባቸው ድረስ ትልቁን መከላከያ አልሠሩም።

አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1927ቱ የሚሲሲፒ ሙላት በኋላ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1936 ሕግ አወጡ። ሕጉ ከአንድ ሥራ የሚገኘው ጥቅም፣ ለማንም ይድረስ ለማን፣ ከወጪው ከበለጠ የፌዴራሉ መንግሥት ሊሠራው ይችላል አለ። ያልደረሰ ጉዳት እንደ ጥቅም ተቆጠረ። ብልህ ነገር ነው፤ የማይሸጠውን ግንብ ዋጋ ለመተመን መንገድ ተገኘ።

አንድ ወጥመድ ግን አለው፣ እኔ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የዳነው ንብረት በገበያ ዋጋ ሲሰላ፣ ሕንፃና ሱፐርማርኬት ያለበት ዳርቻ ብዙ ሚሊዮን «ጥቅም» ያስመዘግባል። ጭቃ ቤት፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ ቴሌቪዥንና የልጆች ደብተር ያለበት ወንዝ ዳር ግን ከወጪው ያነሰ ይወጣለታል። ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ ድሀውን መጨረሻ ላይ ያሰልፈዋል። ያ ፍራሽ ለባለቤቱ ያለው ሁሉ መሆኑን ቀመሩ አያውቅም።

እኛ አገር በቅርቡ ሌላ መንገድ ታይቷል። በ2011 የተጀመረው የሸገር ወንዞች ልማት 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን በ29 ቢሊዮን ብር ለማስዋብ የታሰበ ነበር። ግንቦት 11 ቀን 2011 በተደረገው «ገበታ ለሸገር» አንድ ወንበር አምስት ሚሊዮን ብር ተሸጧል። ወንዝ በመጨረሻ የሚሸጥ ነገር አገኘ፦ ውበት። መናፈሻ፣ ካፌ፣ ፎቶ የሚነሡበት ድልድይ። ክፉ ነው አልልም፤ በግንብ የተደገፈ ዳርቻ ጎርፍም ይከላከላል። ነገር ግን ጎርፍ መከላከል እንደ ቆቃው ጊዜ አሁንም በሌላ ሥራ ጀርባ ታዝሎ ነው የመጣው። ውበቱ የማይደርስበት የወንዙ መታጠፊያ ላይ ማን ያዝለዋል?

ቆጣሪ ሊገኝለት እንደሚችል ግን ልንገራችሁ። ብዙ የጀርመን ከተሞች የዝናብ ውሃን ለብቻው ያስከፍላሉ። ሜትሩ ጣሪያችሁና ግቢያችሁ ነው፤ ውሃ የማያሰርግ ስንት ካሬ አላችሁ? በዚያ ልክ ትከፍላላችሁ። ሲሚንቶውን ነቅሎ ሣር ያበቀለ፣ ወይ የጣሪያውን ውሃ የሚያጠራቅም ሰው ክፍያው ይቀንስለታል። ትልቅ መጋዘን ያለው ብዙ ይከፍላል፣ አንድ ክፍል ያለችው ትንሽ ትከፍላለች። ኢትዮጵያም በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ አውጥታለች፤ ለጣሪያና ለመሬት ግብር መክፈል ከእንግዲህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ከዚያ ገንዘብ ምን ያህሉ ወደ ጎርፍ መውረጃ ይሂድ የሚለው በየከተማው ምክር ቤት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

እስከዚያው ሒሳቡን ቤታችሁ ሞክሩት። የቆርቆሮውን ርዝመትና ስፋት በእርምጃ ለኩ። 100 ካሬ ከሆነ በዚያች ግማሽ ሰዓት ሦስት ሮቶ ውሃ ከእናንተ ጣሪያ ብቻ ይወርዳል። አሽንዳው የት እንደሚያፈሰው፣ ከዚያም በማን ደጅ እንደሚያልፍ ውሃውን ተከትላችሁ እስከ ወንዙ ድረስ ሂዱ። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንጂ እየዘነበ አይደለም።